ሀዋሳ ሆኖ ለኦፔራ መዘጋጀት፦ ሶፕራኖ ለሆናችሁ ልጆች

ኳየር ውስጥ ሶፕራኖ (ከፍተኛውን የሴት ድምፅ) የምትዘምሪ፣ ድምፅሽ ከሌላው ወጣ የሚል፣ ሰዉ ሁሉ "አንቺ ልጅ እኮ ኦፔራ ነበር መዝፈን ያለብሽ" እያለ የሚያልፍሽ ከሆነ ይሄ ላንቺ ነው። ይሉሻል እንጂ እንዴት እንደሚሆን ማንም አይነግርሽም፣ ሀዋሳ ላይ ኦፔራ ቤት የለም፣ ኦርኬስትራ የለም፣ ከማን ጠይቀሽ ትረጂዋለሽ። እኔ እዚሁ ኳየር አሰለጥናለሁ፣ ድምፅም አስተምራለሁ፣ ጥያቄው ስለተደጋገመብኝ የማውቀውን አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ቀድሜ የምለው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት አመታት ስራ እዚሁ ከተማ ይሰራል፣ ከዛ በኋላ ያለው ደግሞ እዚህ በፍፁም አይሰራም። ይሄን መለየት ነው ዋናው ነገር። እዚህ የሚሰራውን ሳትሰሪ ውጪ ለመውጣት ከተሯሯጥሽ መግቢያ ፈተናው ላይ ትወድቂያለሽ፣ እዚህ የማይሰራውን እዚህ እጨርሳለሁ ብለሽ ከተቀመጥሽ ደግሞ እድሜ ያልፍብሻል፣ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶችና ውድድሮች የእድሜ ገደብ አላቸው።

ማይክ የለም

ኦፔራን ከሌላው ዘፈን የሚለየው ቋንቋው ወይ ረጅሙ ቀሚስ አይደለም፣ ማይክ አለመኖሩ ነው። ሃምሳ ስልሳ ሰው የሚጫወትበት ኦርኬስትራ አጠገብ ቆመሽ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው እንዲሰማሽ ታደርጊያለሽ፣ በባዶ ጉሮሮ። በመጮህ እንዳይመስልሽ ግን። የኦርኬስትራ ጉልበት በብዛት ያለው 500 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ የሰለጠነ ዘፋኝ ድምፅ ደግሞ 3000 ኸርዝ አካባቢ ላይ ተጨማሪ ጉልበት አለው፣ የሰው ጆሮም እዛ አካባቢ በጣም ንቁ ስለሆነ ድምፁ ኦርኬስትራውን ሰንጥቆ ይወጣል። ሶፕራኖ በጣም ላይ ስትወጣ ዘዴው ይቀየራል፣ አፏን በደንብ ከፍታ የአፏን ቅርፅ ከኖታው ጋር ታስማማለች፣ ለዛ ነው ላይ ኖታ ላይ ቃላቸው የማይለየው፣ አትፍረጂባቸው።

እኛ ጋ ደግሞ ዝማሬ ማለት ማይክ ከንፈር ላይ ተለጥፎ፣ ኤኮው እስከ ጥግ ተከፍቶ፣ ሞኒተሩ የራስሽን ድምፅ ሳይሆን የባስ ጊታሩን እያሰማሽ ነው። እንደዛ ስታድጊ ሳታውቂው ወይ ትተነፍሺበታለሽ ወይ ትጮሂበታለሽ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ልምምድሽ ያለ ማይክ ይሁን። አዳራሹ ባዶ በሆነበት ሰአት ስልክሽን መጨረሻ ወንበር ላይ አስቀምጪና ሪከርድ እያደረግሽ ከመድረኩ ዝፈኚ፣ ከዛ በኢርፎን ስሚው። መጀመሪያ ቀን ሊያናድድሽ ይችላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ ባዶ የኮንክሪት አዳራሽ እና የፎቅ ደረጃ ድምፅ ያሳምራሉ፣ ያታልላሉ፣ ስለዚህ ዋናውን ልምምድ መጋረጃና ፍራሽ ያለበት ክፍል ውስጥ አድርጊው፣ እዛ ውስጥ ያማረ የትም ያምራል (አከራይም አይጮህብሽም)።

ጆሮ መጀመሪያ

እውነቱን ልንገርሽ፣ ድምፅ ያላቸው ልጆች ሀዋሳ ላይ ሞልተዋል። የሚጥላቸው ጆሮ ነው። ኪቦርድ ላይ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል እያልኩ አንዷን ሳስዘፍናት ሚ ላይ ልክ ናት፣ ፋ ላይ ስትደርስ ግን ፋዋ ወደ ሶል ይሳባል፣ ጣቴን ፋ ላይ ሳሳርፍ ሁለታችንም ፊታችንን እንጨማደዳለን። ስትወርድ ደግሞ ሲው ወደ ላ ይንሸራተትባታል። ሌላ ልጅ ሳመጣ ያው፣ ሌላም ሳመጣ ያው። ለምን መሰለሽ፣ ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፣ ፋ እና ሲ የሉበትም፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ጆሯችን የተሞላው ደግሞ በዛ ቅኝት ነው፣ ጆሮ ያልለመደውን ጉሮሮ ከየት ያመጣዋል።

የውጪ መፅሀፍ ላይ የማታገኚው መላ ግን አለ፣ ባቲ። ባቲ ሜጀር ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ነው፣ ማለትም የጎደሉብሽን ሁለቱን ኖታዎች በቤትሽ ይዘሻቸዋል ማለት ነው። ሚና ፋ ጎን ለጎን፣ ሲና ላይኛው ዶ ጎን ለጎን። ስለዚህ መጀመሪያ ባቲን ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ ብለሽ ዝፈኚው፣ ከዛ ሬን ጨምሪ፣ ከዛ ላን ጨምሪ፣ በቃ ሙሉ ሜጀር ስኬል ሆነ። በየቀኑ አስር ደቂቃ ብትሰጪው በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ፋሽ ቦታው ላይ ይቀመጣል። አምባሰልና አንቺሆዬም ውስጥ ግማሽ ቶኖች አሉ፣ ጆሮሽ ሲጠነክር በነሱም ተጫወቺባቸው። ቅኝታችን ለኦፔራ እንቅፋት ነው የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ እኔ አልስማማም፣ በቅደም ተከተል ካልተጠቀሙበት ነው እንቅፋት የሚሆነው።

ከዚህ ጋር ኖታ ማንበብ አለብሽ፣ ይሄ ምንም ድርድር የለውም። በጆሮ ይዘሽ መዝፈን ኳየር ውስጥ ያዛልቅሻል፣ ኦፔራ ላይ ግን አንድ ሙሉ ስራ ሁለት ሦስት ሰአት ሙዚቃ ነው፣ ማንም ቁጭ ብሎ አያዘፍንሽም። ባለ አምስት ኦክታቭ ኪቦርድ ካገኘሽ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ይበቃሻል፣ የራስሽን ዜማ በቀኝ እጅ፣ ቀላል ኮርድ በግራ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሰራ ቢሆን ደግሞ አሪፍ ነው፣ ካልሆነ ስልክሽ ላይ የፒያኖ አፕ ጫኚ። ኖታ ለመግዛት ብር አታውጪ፣ አይኤምኤስኤልፒ የሚባለው ድረ ገፅ ላይ የቆዩት ስራዎች በሙሉ ማለት ይቻላል በነፃ አሉ። ሙዝስኮር የሚባለው ሶፍትዌርም ነፃ ነው፣ አጃቢ ፒያኖውን ፅፈሽ ወይ ተፅፎ ካገኘሽ እያጫወትሽ ትለማመጂበታለሽ።

የቀኑ ልምምድ

ረጅም አታድርጊው። ጠዋት ሃያ ደቂቃ፣ ከሰአት ሃያ ደቂቃ፣ በመሃል ጉሮሮሽ ይረፍ፣ ሁለት ሰአት ሙሉ ያለ እረፍት ከምትዘፍኝ ልጅ በስድስት ወር ውስጥ ትበልጫታለሽ። ከእንቅልፍሽ እንደተነሳሽ ወዲያው አትጀምሪ፣ ድምፅሽ እስኪነቃ ተናገሪ፣ ውሀ ጠጪ፣ ስራ ስሪ።

መጀመሪያ ትንፋሽ። እጅሽን የጎድን አጥንትሽ ላይ አድርጊና በአፍንጫሽ ስቢ፣ ጎንሽ ይክፈት እንጂ ትከሻሽ እንዳይነሳ። ከዛ "ስስስ" እያልሽ ቀስ ብለሽ አውጪው፣ ጎንሽ ቶሎ እንዳይወድቅ ይዘሽ። ሃያ ሰከንድ ከደረስሽ ጥሩ፣ ሰላሳ ከደረስሽ በጣም ጥሩ፣ ከዛ በላይ ለጉራ ካልሆነ አያስፈልግም። ጣሊያኖቹ አፖጆ የሚሉት ይሄንን መያዝ ነው፣ ሙሉው የኦፔራ ቴክኒክ የተገነባው እሱ ላይ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ቀጥሎ ከንፈር ማንቀጥቀጥ፣ ህፃን ልጅ መኪና ሲነዳ እንደሚያደርገው ብርርር እያልሽ ከዶ እስከ ሶል ወጥተሽ ውረጂ፣ ግማሽ ቶን ግማሽ ቶን እየጨመርሽ። ሌላው ስትሮው ነው፣ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ውሀ አድርጊና በስትሮው አረፋ እያወጣሽ ዜማ አሰሚ፣ ይሄ ቀልድ ይመስላል ግን የድምፅ ሀኪሞችም የሚያዙት ነገር ነው፣ የድምፅ አውታሮችሽ በኃይል ሳይጋጩ እንዲሰሩ ያግዛል። ከዛ በኋላ ነው አናባቢ ውስጥ የምትገቢው፣ መጀመሪያ ኡ እና ኢ፣ ከዛ ኤ፣ ኦ፣ መጨረሻ ላይ ሰፊው ኣ።

አንድ አስቸጋሪ ቦታ አለ። ከመሃለኛው ዶ በላይ ያለውን ኦክታቭ ጨርሰሽ ቀጣዩ ላይ ሚ እና ፋ ስትደርሺ ድምፅሽ ይሰበራል ወይ ይጠብቃል፣ ሶፕራኖዎች ሁሉ እዛ አካባቢ ማለፊያ አላቸው፣ ፓሳጆ ይባላል። የእኛ ልጆች እዛ ሲደርሱ የደረት ድምፃቸውን እየገፉ ይወጣሉ፣ ጉባኤው ደግሞ እልል ይላል፣ በዛው ይለምዱታል። አትግፊው። አፍሽን በአቀባዊ ክፈቺ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጊ፣ ለጊዜው ቢያንስም ግድ የለም። ያንን ማለፊያ ሳይሰማ የምታልፊበት ቀን ሲመጣ ከዛ በላይ ያለው እስከ ላይኛው ዶ ድረስ ብዙም አያስቸግርሽም። ከዛም በላይ የሚሄዱ አሉ፣ ሞዛርት እ.ኤ.አ በ1791 ቪየና ላይ ባሳየው አስማታዊው ዋሽንት የሚባል ኦፔራ ላይ የሌሊቷ ንግስት ከላይኛው ዶ አልፋ እስከ ፋ ትደርሳለች፣ ዩትዩብ ላይ ያየሽው እሱን ሳይሆን አይቀርም፣ ባክሽ እሱን እየሞከርሽ ጉሮሮሽን አትላጪ፣ ተፈጥሮ የሰጣት ትዘፍነዋለች፣ ያልሰጣትም ሶፕራኖ ናት።

ቋንቋው

በጣሊያንኛ ጀምሪ። አናባቢው ግልፅ ነው፣ ጉሮሮ አይዘጋም። አማርኛ ተናጋሪ ስለሆንሽ አንድ ጥቅም አለሽ፣ ማጥበቅና ማላላት ታውቂያለሽ፣ ጣሊያንኛም ያጠብቃል፣ ፈረንጆቹ ሲቸገሩበት አንቺ በቀላሉ ታወጪዋለሽ። የሚያስቸግርሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ተነባቢ ሲደራረብ እ መሰንቀር፣ ስፒሪቶን እስፒሪቶ ማለት። ሁለተኛው አናባቢውን በእኛ እ እና ኧ ማደብዘዝ፣ በተለይ ቃል መጨረሻ ላይ ስትደክሚ። ግጥሙን ከመዝፈንሽ በፊት ጮክ ብለሽ እንደ ግጥም አንብቢው፣ የእያንዳንዱን ቃል ትርጉም ከኖታው ስር በእርሳስ በአማርኛ ፃፊ። ሳይገባሽ የምትዘፍኚ ከሆነ ዳኛ ወዲያው ያውቃል። ጀርመንኛው ቀጥሎ ይመጣል፣ ወደዛ የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ ለመዝፈን ብቻ ሳይሆን ለመኖርም ያስፈልግሻል።

ጉሮሮ

ሀዋሳ ለድምፅ ጥሩ ከተማ ናት፣ ሐይቁ አየሩን ስለሚያለሰልሰው ነው መሰለኝ እንደ ደረቅ ቦታ ጉሮሮ አይሰነጣጥቅም። የሚያጠቃን ሌላ ነው። አሞራ ገደል ሄዶ ማታ አሳ በዳጣ መብላት፣ ከዛ ተመልሶ መተኛት። በርበሬውና ሆድ ሞልቶ መተኛቱ አሲድ ወደ ላይ እንዲመለስ ያደርጋል፣ ጠዋት ስትነሺ ድምፅሽ ይጎረብጣል፣ ጉሮሮሽን ደጋግመሽ ትጠርጊያለሽ፣ ጉንፋን ይመስልሻል ግን አይደለም። አትብዪ አላልኩም፣ በምሳ ሰአት ብዪው፣ እራት ከመኝታ በፊት ሁለት ሦስት ሰአት ቀድሞ ይሁን። ከሰል የሚጨስበት የቡና ስነ ስርአት ላይ ከጭሱ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ እጣኑም ያው ነው። ጫት ያደርቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስወራሽ ደግሞ የድምፅ አውታርሽን ሁለቴ ያደክማል። ባጃጅ ውስጥ ከሞተሩ በላይ እየጮሁ ስልክ ማውራትም አለ፣ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ አይደለም።

ሲዘጋሽ ማንሾካሾክ መፍትሄ አይደለም፣ ዝም በዪ። ዝንጅብል በማር ያሞቅሻል፣ ደስ ይላል፣ የድምፅ አውታር ግን አይነካም፣ የዋጥሽው በምግብ ቧንቧ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ እሱን ጠጥተሽ ደህና ነኝ ብለሽ መድረክ ላይ አትውጪ። መጎርነኑ ከሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ የአንገት በላይ ሀኪም ጋ ሂጂና በካሜራ እንዲያዩሽ ጠይቂ። ኖዱል (የድምፅ አውታር ላይ የሚወጣ ትንሽ እብጠት) በጊዜ ከተገኘ ብዙ ጊዜ በእረፍትና በድምፅ ህክምና ይስተካከላል። ሰርግ ላይ የምትዘፍኝ ከሆነ አቁሚ አልልሽም፣ እንጀራ ነው፣ ግን እዛ ማይኩን ተጠቀሚበት፣ ድምፅ ማጉያው ስራውን ይስራ።

ምን ትዝፈኚ፣ ምን ትተይ

አሁን ወደ አይዳ፣ ወደ ቬርዲ ኦፔራ። ኦፔራ ትንሽ የሰማ ሰው ሁሉ ኢትዮጵያዊት ሶፕራኖ ሲያይ መጀመሪያ የሚለው "አይዳን ዝፈኚ!" ነው። ይገባኛል፣ አይዳ የኢትዮጵያ ንጉስ ልጅ ናት፣ ግብፅ ተማርካ ባሪያ የሆነች፣ አባቷ አሞናስሮ ሊያስለቅቃት የሚመጣ። ቬርዲ ለካይሮ ኦፔራ ቤት የፃፈው ነው፣ ያሰራው የግብፁ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል፣ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ ዲሴምበር 24 ቀን 1871። (ይሄው ኬዲቭ ከአራት አመት በኋላ የእውነት ጦር ላከብን፣ ጉንደት ላይ ቀጥሎም ጉራዕ ላይ በአፄ ዮሐንስ ተመታ። ኦፔራው ላይ ግን የሚያሸንፉት ግብፆች ናቸው፣ የከፈለ ሰው ያሸንፋል መቼም።)

ግን አይዳ ለሃያ አመት ልጅ አይደለችም። ኦርኬስትራው ወፍራም ነው፣ ኳየሩ ትልቅ ነው፣ እሷ ደግሞ ከዛ ሁሉ በላይ መሰማት አለባት። ሦስተኛው ክፍል ላይ፣ ምሽቱን ሙሉ ስትዘፍን ቆይታ፣ አገሯን እያሰበች የምትዘፍነው ላይ ላይኛው ዶ ይመጣባታል፣ ያውም ተጮሆ ሳይሆን ለስለስ ብሎ የሚያዝ። ብዙ ሶፕራኖዎች ድምፃቸው በስሎ ሰላሳዎቹ ውስጥ ገብተው፣ አንዳንዶቹም አርባ ተጠግተው ነው የሚነኩት፣ ብዙዎቹ ደግሞ በህይወታቸው አይነኩትም። ኤምባሲ ዝግጅት ላይ "የኢትዮጵያ ልዕልት በኢትዮጵያዊት" ብለው ሊጋብዙሽ ይችላሉ፣ ፖስተሩም ያምራል። እምቢ በዪ። ከልምምድ ሁሉ በላይ ለድምፅሽ የምታደርጊለት ነገር ያ እምቢታ ነው። ሰው ቅር ይለዋል፣ ይበለው።

ታዲያ ምን? መጀመሪያ አመት የቆዩ የጣሊያን ዘፈኖች፣ ካሮ ሚዮ ቤንን የመሳሰሉ፣ አጭር፣ መሃል ድምፅ ላይ የሚቆዩ፣ በአለም ላይ ያለ ጀማሪ ሁሉ በነሱ ነው የሚጀምረው። ሁለተኛው አመት የሹበርትና የሞዛርት ዘፈኖች። ከዛ ትንንሽ የኦፔራ ክፍሎች፣ በተለይ ሞዛርት። የፊጋሮ ጋብቻ ውስጥ ባርባሪና የምትባል ልጅ አለች፣ የጠፋባትን መርፌ ቁልፍ እየፈለገች የምትዘፍነው አጭር ነገር አለ፣ እሱን ያዢ። እ.ኤ.አ በ1786 መጀመሪያ የዘፈነችው አና ጎትሊብ የ12 አመት ልጅ ነበረች፣ በ17 አመቷ ደግሞ ሞዛርት አስማታዊው ዋሽንት ላይ የፓሚናን ቦታ ሰጣት። ለልጅ ድምፅ የሚፃፍ ሙዚቃ እንዳለ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ። ከባርባሪና ቀጥሎ ዜርሊና፣ ዴስፒና፣ ፓፓጌና፣ እነዚህ ሁሉ ቀላል ሶፕራኖ የምትዘፍናቸው ናቸው። ድምፅሽ ስንት አመት በኋላ ወፍራም ይሁን ቀጭን አሁን አይታወቅም፣ እራሷ ድምፅሽ ትነግርሻለች።

መምህር

ሀዋሳ ላይ በኦፔራ የሰለጠነ የድምፅ መምህር ማግኘት ከባድ ነው፣ ያገኘሽ እድለኛ ነሽ። ያላገኘሽ ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ እዚሁ ኖታና ፒያኖ የሚያስተምር ሰው ፈልጊ፣ ድምፁን ባያውቅም ጆሮሽን ይጠብቅልሻል። ሁለተኛ በወር አንዴ አዲስ አበባ ውጪ፣ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠዋት ተነስተሽ ትደርሻለሽ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር ያለው፣ መግባት ከቻልሽ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፣ ባይሆንም እዛ ያስተማሩ ሰዎችን አጠያይቀሽ የግል ትምህርት ያዢ። ኦንላይን ትምህርትም አለ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ከፒያኖ ጋር አብሮ መዝፈን ስለማይቻል ቪዲዮ ቀርፀሽ በቴሌግራም ልከሽ አስተያየት መቀበሉ ይሻላል። መምህር ሲመረጥ ምልክቱ ቀላል ነው፣ ከትምህርቱ በኋላ ድምፅሽ ከጎረነነ፣ ደግሞም ሁልጊዜ ከጎረነነ፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን ተይው።

ከሰው ሁሉ የምጠቅስላችሁ የደቡብ አፍሪካዊቷን ፕሪቲ የንዴን ነው። ፒት ሪቲፍ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው የተነሳችው፣ 16 አመቷ ላይ ቴሌቪዥን ላይ የአየር መንገድ ማስታወቂያ ስታይ ከጀርባው ሁለት ሴቶች ሲዘፍኑ ሰማች፣ በማግስቱ አስተማሪዋን ምንድነው ብላ ጠየቀች፣ ኦፔራ ነው አላት። ኬፕታውን ተማረች፣ እ.ኤ.አ በ2009 ቤልቬዴሬ የሚባለውን የዘፋኞች ውድድር፣ በ2011 ኦፔራሊያን አሸነፈች፣ በ2013 ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ላይ በአጭር ጊዜ ጥሪ ተተክታ ገባች፣ መድረክ ላይ ስትወጣ ደረጃው ላይ ተደናቅፋ ወደቀች፣ ተነስታ ዘፈነች። እ.ኤ.አ በ2023 የንጉስ ቻርልስ ዘውድ ሲጫን የዘፈነችው እሷ ናት። ቆይቼ ጀመርኩ ለምትሉ ደግሞ ጎልዳ ሹልትስ አለች፣ መጀመሪያ ጋዜጠኝነት ነበር የምትማረው። ከካይሮ ፋጥማ ሰኢድ አለች፣ በርሊን ተማረች፣ ከዛ ሚላን የላ ስካላ ኦፔራ ቤት አካዳሚ ገባች። የሦስቱንም ቪዲዮ አዳምጪ፣ ግን ለመኮረጅ አይደለም፣ የት ላይ እንደሚተነፍሱ በእርሳስ ምልክት እያደረግሽ።

መውጫው

ከሁለት ሦስት አመት በኋላ አምስት ስድስት ስራ በቃልሽ በሦስት ቋንቋ የምትዘፍኚ ከሆነ፣ ኖታ የምታነቢ ከሆነ፣ አሁን እዚህ የምትሰሪው አልቋል ማለት ነው። በእኔ እምነት መጀመሪያ ማየት ያለብሽ ኬፕታውን ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የሙዚቃ ኮሌጅ እ.ኤ.አ ከ1910 ጀምሮ ያለ ነው፣ የንዴም ሹልትስም ያለፉበት ነው፣ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ሁለተኛው ጀርመን። የመንግስት የሙዚቃ ሆህሹሌዎች (ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች) በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የላቸውም (ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክልል ከአውሮፓ ህብረት ውጪ ከሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1500 ዩሮ ይጠይቃል)፣ ግን ለቪዛ የታገደ አካውንት የሚባለው አለ፣ ለኑሮሽ የሚሆነውን ገንዘብ ቀድመሽ የምታስቀምጪበት፣ እ.ኤ.አ ከ2024 ሴፕቴምበር ጀምሮ በአመት 11,904 ዩሮ ነው፣ ከማመልከትሽ በፊት አሁን ስንት እንደደረሰ ኤምባሲው ገፅ ላይ እዪ። ጀርመንኛውን አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት ፈተና ትወስጂበታለሽ። ዲግሪ ለያዙ ሙዚቀኞች ዳአድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት የሚሰጠው ስኮላርሺፕም አለ፣ ለኢትዮጵያ የተከፈተውን ዝርዝር በየአመቱ አጣሪ።

ለእናትና አባት፣ "ልጃችን ዘፈን ብላ ልትጠፋ ነው" ለምትሉ፣ ጀርመን ውስጥ በመንግስት ገንዘብ የሚተዳደሩ ወደ ሰማንያ የሚሆኑ ኦፔራ ቤቶች አሉ፣ ፌስት የሚባል ኮንትራት ያላት ዘፋኝ በየወሩ ደሞዝ ታገኛለች፣ ጡረታ ይቆረጥላታል፣ ጠዋት ልምምድ ትገባለች ማታ ትሰራለች። ስራ ነው። እዛ የሚገባው ብዙ ጊዜ ኦፔራ ስቱዲዮ በሚባለው የሁለት አመት ገደማ ስልጠና በኩል ነው፣ ላ ስካላም፣ ፓሪስም፣ ለንደንም፣ ሜትሮፖሊታንም የየራሳቸው አላቸው። ኦፔራሊያ ከ18 እስከ 32 አመት ነው የሚቀበለው፣ ሌሎቹም ከዛ አይርቁም፣ ስለዚህ በ19 አመትሽ አትሯሯጪ፣ በ29 አመትሽ ደግሞ አትተኚ።

ቪዲዮው ላይ ብዙ ልጆች ይሳሳታሉ። የሰርግ ቀራፂ ጠርተው፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆመው፣ ድሮን አስነስተው፣ ድምፁን ስቱዲዮ ቀድተው ይለጥፉበታል። ወዲያው ነው የሚጣለው። የሚፈለገው አንድ ሳይቆረጥ የተቀዳ፣ ኤኮ ያልተጨመረበት፣ ፊትሽም እጅሽም የሚታይበት ቀረፃ ነው። ስልኩን ሦስት አራት ሜትር ርቀት ላይ በስታንድ አቁሚ፣ ከጀርባሽ ባዶ ግድግዳ ይሁን፣ ፒያኖ የሚያጅብሽ ሰው ካለ የድምፅ ሚዛኑን መጀመሪያ ሞክሪ፣ ሰዎቹ የሚሰሙት አንቺን ነው። ገና በማለዳ አትቅረፂ፣ ረፋድ አራት አምስት ሰአት አካባቢ ድምፅሽ ሲሞቅ ጀምሪ፣ የሰፈሩ ሞንታርቦ ሳይከፈት።

ኤጀንት ነኝ የሚል ሰው በኢንቦክስ ይመጣል። ትክክለኛ ኤጀንት ከሰራሽው ክፍያ ላይ ኮሚሽን ነው የሚወስደው፣ ቀድሞ ገንዘብ አይጠይቅም። "መድረክ ላይ ለመውጣት ይሄን ያህል ዶላር ላኪ" ካለሽ ብሎክ አድርጊው። ውድድር ላይ የመመዝገቢያ ክፍያ የሚጠይቁ እውነተኛ ውድድሮች አሉ፣ የዳኞቹን ስም ፈልጊና የትኛው ኦፔራ ቤት እንደሚሰሩ እዪ፣ ዳኞቹን ካጣሻቸው ተይው።

የመጨረሻው ወረቀት ነው። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትሽ፣ የልደት ካርድሽና ፓስፖርትሽ ላይ የስምሽ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ይሁን፣ አንዱ ላይ አንድ ፊደል ካነሰ ማመልከቻሽ ለወራት ሊቆም ይችላል፣ እሱን ከአሁኑ አስተካክዪ፣ ማስተካከሉ ራሱ ምልልስ አለው። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን ፎርሙ ላይ የአያትሽን ወይ የአባትሽን ስም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ አይነት አድርገሽ ሙዪ፣ አንዱ ጋ የአባት አንዱ ጋ የአያት እንዳይሆን። የቪዲዮ ፋይሉንም በዛው ስም፣ ከስሙ ቀጥሎ ሶፕራኖ፣ ከዛ የዘፈኑን ስም አድርገሽ አስቀምጪው፣ "የመጨረሻው የእውነት የመጨረሻው 2" ብለሽ እንዳትልኪላቸው።